በመንገድ ላይ ስለሚደርስ ጕዳት፤ ስለ ማስረጃውና ስለ ካሣው

ካዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ወደ ደሴ የሚወርደው አውራ ጎዳና፤ ከደብረ ሲና በታች ቈላውን ከያዘ በኋላ ሸዋ ሮቢትን፤ ሰንበቴን፤ አጣዬንና ካራቆሬን እያቋረጠ ወደ ከሚሴ ያልፋል። ይህ መንገድ ለይፋት ሕዝብ ያስገኘው ጥቅም ብዙ ነው። ማሾውና ሽንኵርቱ ወደ ገበያ የሚወጣው፤ በሽተኛውም ወደ ሐኪም ቤት የሚደርሰው በርሱ ነው። ዳሩ ግን መንገዱ የሚያልፈው በሕዝቡ መኖሪያ መካከል ስለ ሆነ፤ ይልቁንም በእሑድ ቀን አርጎባውና ኦሮሞው፤ አፋሩና አማራው ግመሉንና ከብቱን እየነዳ ወደ ሰንበቴ ገበያ በሚጎርፍበት ሰዓት፤ እግረኛውና የጭነት መኪናው አንዱን አስፋልት ይሻሙታል። ከዚህም የተነሣ ሕይወት ይጠፋል፤ አካልም ይጐድላል።

ስለ አነዳድ ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እኛ ዛሬ ልናመለክት ያሰብነው አደጋው ከደረሰ በኋላ ስላለው ነገር ነው። አባቱን በመኪና ያጣ ቤተሰብ፤ ሕግ የሰጠውን ካሣ ደግሞ ባለማወቅና ባለመጻፍ ሲያጣው ሁለት ጊዜ ተጎዳ ማለት ነውና።

የመጻሕፍት ሊቃውንት እንደሚያውቁት፤ በኦሪት ዘጸአት ሰውን መትቶ አልጋ ላይ ያዋለ ሰው ስለ ቦዘነበት ጊዜ እንዲከፍልና እንዲያሳክም ታዟል። ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ያልጠበቀው በሬ ሰው የገደለ እንደ ሆነም ነገሩ በበሬው አይቀርም፤ ባለቤቱ ይጠየቅበታል። የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ በመኪና ባለቤት ላይ ያደረገው ሸክም ከዚህ የጠነከረ ነው። በቍጥር 2081 የመኪናው ባለቤት፤ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት እንኳ ቢሆን፤ ተሰርቆበት እንደ ነበረ ካላስረዳ በቀር መኪናው ላደረሰው ጕዳት ኀላፊ ነው። በቍጥር 2086 ደግሞ «እኔ አላጠፋሁም» ወይም «የአደጋው ምክንያት አልታወቀም» ወይም «ሌላ ሰው ነው ያጠፋው» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም። ሸክሙ የሚቀልለት ጕዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው በራሱ ጥፋት የደረሰ መሆኑን ሲያስረዳ ነው። ነገሩ የሚለወጠው ሁለት መኪናዎች የተጋጩ እንደ ሆነ ነው፤ ያን ጊዜ በቍጥር 2084 ያንደኛው ሾፌር ጥፋት እስካልተረጋገጠ ድረስ ባለቤቶቹ የጕዳቱን ድምር እኩል ይካፈሉታል።

ብዙ ባለጉዳይ ግን ይህን ስለማያውቅ፤ ሾፌሩ በወንጀል ችሎት ነጻ የወጣ እንደ ሆነ ነገሩ ሁሉ ያለቀ መስሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል። የወንጀል ዳኛ የሚመረምረው ሾፌሩ ሊቀጣ ይገባዋልን? የሚለውን ነው፤ የካሣ ዳኛ የሚመረምረው ይህን ጕዳት ማን ይሸከመው? የሚለውን ነው። ስለዚህም በቍጥር 2149 የካሣው ዳኛ ጥፋት መኖር አለመኖሩን ሲመዝን፤ የወንጀል ዳኛው ተከሳሹን ነጻ ማውጣቱ አያስገድደውም።

ሕጉ ይህን ያህል ለተጎጂ የሚያደላ ከሆነ ማስረጃ ለምን ያስፈልጋል? የሚል አይጠፋም። ምክንያቱ ሾፌሩ በሕይወት ስላለ ይናገራል፤ የሞተው ግን አይናገርም። «ዘሎ ገባብኝ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን የቀረች እንደ ሆነ፤ ቍጥር 2086 ለባለቤቱ የተወለትን ጠባብ በር ትከፍትለታለች። ይህችን ቃል ሊመረምራት የሚችለው የጎማው ጭረት ያረፈበት ርዝመት፤ የመስተዋቱ ስባሪ የተበተነበት ስፍራ፤ ሟቹ ከመንገዱ ዳር በስንት ክንድ ርቀት ወድቆ እንደ ተገኘ የሚያሳየው ልክ ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የተሰለፈው መኪና እንዲያልፍ መንገዱ ይጠረጋል፤ መኪናው ይታጠባል፤ አደጋውን ባይኑ ያየው ግመለኛም ገበያው ሲፈታ ወደ በረሓው ስለሚወርድ ሰኞ ቢፈልጉት አይገኝም። እንግዲህ የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላኑን እስኪያነሣ ድረስ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው የሰሌዳውን ቍጥር፤ በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን የመድን ምልክትና የምስክሮቹን ስም ከነአገራቸው ቢጽፍ፤ በእጅ ስልኩም ስፍራውን ፎቶግራፍ ቢያነሣ፤ በኋላ አሥር ነገረ ፈጅ የማይመልሰውን ነገር ያተርፋል።

በካራቆሬ አገር ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። በ1953 ዓ.ም. ምድሩ በተናወጠ ጊዜ መጀቴ ፈረሰች፤ አውራ ጎዳናውም ተሰነጣጠቀ። ያ የማንም ሰው ጥፋት አልነበረምና የሚከሰስ አልተገኘም። ዛሬ መኪና ሰው ሲገድልም «የእግዜር ሥራ ነው» ተብሎ ነገሩ ሲዘጋ እንሰማለን። ሐዘንተኛን ለማጽናናት ቃሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን መኪና እንደ ርዕደ መሬት አይደለም። ባለቤት አለው፤ ሰሌዳ አለው፤ መድንም እንዲኖረው ታዟል።

ሽምግልናን የምንነቅፍ አይደለንም። በይፋት ቄሱም ሼኹም ከሽማግሌዎች ጋራ ተቀምጦ ደም ባያደርቅ ኖሮ አንዱ ሞት ሌላውን በወለደ ነበረ። የምንፈራው ግን ገና ሐዘን ተቀምጠው ሳሉ ለቀብርና ለንፍሮ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ «ከእንግዲህ ወዲህ ምንም አንጠይቅም» በሚል ወረቀት ላይ የሟችን ሚስት ማስፈረምን ነው። ዕርቅ ሌላ ነው፤ የልጆች ቀለብ ሌላ ነው። ወረቀቱን የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ ካህን ወይም የቀበሌ ጸሓፊ ስለ ሆነ ልመናችን ለርሱ ነው፤ ዕርቁን ይጻፍ፤ ካሣውን ግን ሒሳቡ ሳይታወቅ አይዝጋው።

ሒሳቡም ቀላል አይደለም። በቍጥር 2095 የሟች ሚስት፤ ልጆችና ወላጆች ከርሱ ያገኙት የነበረውን ቀለብ ስላጡ ካሣ ሊጠይቁ ይችላሉ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ እንደ ሆነ የደመወዙ ወረቀት ይቀርባል፤ ማሾ የሚዘራው ገበሬ ግን ምን ያቀርባል? ዳኛው ልኩ ያልታወቀውን ጕዳት በቍጥር 2102 በርትዕ ሊገምት ይችላል፤ ይሁን እንጂ ርትዕም የምትመዝነው ነገር ትሻለች። ስንት ጥማድ ያርስ ነበረ? ስንት ነፍስ በእጁ ነበረ? የታናሹ ልጅ ዕድሜስ? ይህን ከቀበሌው ሹምና ከንስሓ አባቱ ይልቅ የሚያውቅ የለም። ስለ ሐዘን የሚሰጠው ካሣ በቍጥር 2116 ከ1000 ብር እንዳይበልጥ የተወሰነው በ1952 ዓ.ም. ስለ ሆነ፤ የዚያን ጊዜው 1000 ብርና የዛሬው አንድ አለመሆኑን ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ሐዘኑን ብቻ ይዞ የሚቀርብ ሰው ባዶ እጁን እንደ መጣ ነው።

ስለ መድን ያለው ሕግ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። በአዋጅ ቍጥር 559/2000፤ ኋላም እርሱን በተካው በአዋጅ ቍጥር 799/2005 ማንም መኪና ያለ ሦስተኛ ወገን መድን በመንገድ ላይ እንዳይሄድ ታዘዘ። ይኸው የ2005ቱ አዋጅ በወጣ ጊዜ ስለ ሞት የሚከፈለው ከ40,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበረ። ይህ የመድን ድርጅት የሚከፍለው ልክ እንጂ የባለቤቱ ዕዳ ልክ አይደለም፤ የተረፈውን ከባለቤቱ መጠየቅ አይከለከልም።

በኦሪት ዘዳግም ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ በሜዳ የተገኘ እንደ ሆነ ሽማግሌዎች ወጥተው እስከ ቅርቡ ከተማ ድረስ እንዲለኩ ታዟል፤ ያገራችን አውጫጭኝም ከዚሁ አሳብ የራቀ አይደለም። ገጭቶ በጨለማ ስላመለጠ መኪና ዛሬ ያለው መፍትሔ ለዚሁ የቆመው የመድን ፈንድ ነው። የዘመዱ ገዳይ ስለ ጠፋበት ብቻ ተስፋ የቈረጠ ሁሉ ይህን ሊሰማው ይገባዋል። ነገር ግን ፈንዱም ወረቀት ይጠይቃል፤ አደጋው በዚያ ቀን በዚያ ስፍራ ለፖሊስ ካልተመለከተ ጥያቄው የሚቆምበት መሠረት የለውም።

የቀረው የጊዜ ነገር ነው። በቍጥር 2143 የካሣ ክስ ጕዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የረዘመ እንደ ሆነ ብቻ እርሱን ይከተላል። «ሙት ዓመቱ ይለፍ» ሲባል አንዱ ዓመት ያልቃል፤ «የወንጀሉ ፍርድ ይታወቅ» ሲባል ሁለተኛው ይከተላል። ስለዚህ የሟች ወገን ከቀብር በተመለሰ በሳምንቱ የቀበሌው ሹም አስጠርቶ፤ የፖሊሱ ፕላን ግልባጭ፤ የሐኪም ቤቱ ወረቀትና የመኪናው የመድን ቍጥር በእጁ መግባታቸውን ቢጠይቀው፤ ከጐደለም በቀበሌው ማኅተም ደብዳቤ ጽፎ ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት ቢሰደው፤ ሥራው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።