ገራድ ማሂኮን ጌም ውስጥ ማን ያስገባው?

የሆሳዕና፣ የዱራሜ፣ የሾኔ ልጆች፣ ዛሬ ወሬው ከእናንተ ከጌመሮቹ ጋር ነው። ለአንድ ሳምንት ከፊፋ ውጡና «ማውንት ኤንድ ብሌድ»ን ሞክሩት። ባልና ሚስት ናቸው አንካራ፣ ቱርክ ውስጥ የጀመሩት። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ፣ «ዋርባንድ» በ2010፣ «ባነርሎርድ» ተጠናቆ በ2022። ዋርባንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል፣ ሰበብ የለም።

ስትጀምሩ ማንም አይደላችሁም። ከየመንደሩ ሰው ትመለምላላችሁ፣ ደሞዝ ትከፍላላችሁ፣ ታበላላችሁ። የስንቁ ዓይነት ሲበዛ የወታደሩ ሞራል ይጨምራል። ከዚያ ለአንዱ ንጉሥ ታድራላችሁ፣ ወይ ትከዱታላችሁ፣ ወይ የራሳችሁን መንግሥት ታቆማላችሁ። ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ግን በፈረስ ውጊያው ነው።

ፈረስ ካልን እንግዲህ ስለ እኛ እናውራ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አል ዑመሪ የሀዲያው ንጉሥ 40,000 ፈረሰኛ፣ የዚያን እጥፍ ደግሞ እግረኛ እንደሚያሰልፍ መዝግቧል። ራሱ መጥቶ አላየም፣ ከሰው ሰምቶ ነው። ቁጥሩን በግማሽ ቀንሱት፣ አሁንም ጉድ ነው!

በአፄ ዓምደ ጽዮን ጊዜ የሀዲያው አማኖ አልገብርም አለ፣ ንጉሡም ዘመተበት። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468) ዘመን፣ ገራድ ማሂኮ ያንኑ ደገመው። እዚህ ጋ ቆም በሉ። የማሂኮ እህት እሌኒ እኮ ቤተ መንግሥት ውስጥ ንግሥት ናት! አዎ፣ ሆሳዕና ያለው ሆስፒታል በስሟ የተጠራላት እሌኒ። አጎታቸው ባሞ ከንጉሡ ጋር ወገነና አገሩ ተሰጠው፤ ማሂኮ ሸሽቶ ሳለ በዳሞት ወታደሮች ተገደለ። እሌኒ ግን ኖረች፤ በ1509 በማቴዎስ እጅ ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ እስከ መላክ ደረሰች።

ይህን ሁሉ የጻፉት የንጉሡ ሰዎች ናቸው። ማሂኮ ከእህቱ ጋር ምን ተባባለ? ማንም አልጻፈውም። ጌም ደግሞ ለዚህ ነው የሚሆነው፦ እህታችሁ እዚያ፣ ሕዝባችሁ እዚህ፣ ግብር ሰብሳቢው በር ላይ። ትከፍላላችሁ ወይስ ኮርቻ ትጭናላችሁ?

«ማን ይሠራዋል?» እንዳትሉኝ። የዚህ ጌም ተጫዋቾች ራሳቸው «ሞድ» ይሠራሉ፤ ካርታውን፣ ልብሱን፣ ንግግሩን ይቀይራሉ። «ብሪተንዋልዳ» የሚባለውን ሞድ የሠሩት ልጆች በኋላ፣ በ2014፣ «ቫይኪንግ ኮንኩዌስት» የሚባለውን ይፋዊ ጌም ሠርተዋል። የጃፓንን የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ያስገቡም አሉ። እኛስ? ዎማውና ሐምበሪቾ ያሉት የከምባታ ልጅ ምን ያንሰዋል? ጌሙ ላይ ጠላት መንደር ያቃጥላል፤ ጉድጓድ የተቀበረ ቆጮ ግን በምን ይነዳል? ይህ ብቻውን አዲስ የጨዋታ ሕግ ነው፣ አውሮፓዊው አያስበውም።

አንድ ነገር ግን አደራ። የያኔው ሀዲያ የዛሬው ዞን አይደለም። ከዚያ አገር ሕዝብ የሚመዘዙ ዛሬ ስልጤም፣ አላባም፣ ቀቤናም፣ አርሲም ውስጥ አሉ። ሞድ ሠርታችሁ የድሮውን ካርታ ጎረቤት ለመሳደቢያ የምታደርጉ ከሆነ ፊፋችሁን ተጫወቱ፣ እሱ ይሻላል። ከምባታውንም «የእኛ ገባር ነበር» እያላችሁ ኮሜንት ላይ እንዳትጀምሩ፣ እናውቃችኋለን!

የሚያስፈልገው ሰው ይኸው፦ ስሪዲ የሚችል፣ ኮድ የሚጽፍ፣ ሀዲይሳና ከምባትኛ አጥርቶ የሚናገር ድምፅ፣ አያቱን ቁጭ አድርጎ ስለ ፈረስ ዕቃና ስለ ጋሻ ስም የሚጠይቅ። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምትማሩ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ አጣን ስትሉ ሰምተናል። በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ መጀመሪያ የአያቶቹን ቃል እንሰብስብ።