ያልተጠየቀ ቁልፍ አይቆልፍም



በጋራ የሚሠራበት ፋይል በተበላሸ ቁጥር «ኔትወርኩ ነው ያጠፋው» ማለት በመካከላችን ልማድ ሆኗል። ይህ አነጋገር ለጊዜው ያጽናና ይሆናል እንጂ የጠፋውን ሥራ አይመልስም። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ በአብዛኛው ያለው ከሽቦው ሳይሆን ቁልፍ ሳይጠይቅ ከሚጽፈው ፕሮግራም ዘንድ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ሁለት ተማሪዎች የላቦራቶሪ ውጤት የሚመዘግቡበት አንድ ፋይል በሰርቨር ላይ አላቸው እንበል። ሁለቱም በየኮምፒዩተራቸው በአንድ ጊዜ ከፈቱት። አንደኛው 10 መስመር ጨምሮ ዘጋ። ሁለተኛው ግን አስቀድሞ ባነበበው አሮጌ ቅጂ ላይ 5 መስመር ጨምሮ ፋይሉን በሙሉ እንደገና ጻፈና ዘጋ። 10ሩ መስመር ያለ አንዳች ድምፅ ጠፋ። ማሽኑ አልተሰበረም፤ ሽቦውም አልተቆረጠም።

ይህ ለምን ይሆናል? ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጣው በኤን.ኤፍ.ኤስ. ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ያነበበውን ቅጂ ለፍጥነት ሲል በአጠገቡ ያኖራል። የሥርዓቱም የተስፋ ቃል ጠባብ ነው፤ ይኸውም አንዱ ጽፎ ከዘጋ በኋላ የሚከፍት ሌላው አዲሱን ያገኛል የሚል ነው። በመክፈትና በመዝጋት መካከል ስላለው ጊዜ ግን የተገባ ቃል የለም። በሊኑክስ የተለመደ አሠራር አንድ ኮምፒዩተር ፋይሉ መለወጥ አለመለወጡን ሰርቨሩን ሳይጠይቅ ከ3 እስከ 60 ሴኮንድ ሊቆይ ይችላል። ይህ ማታለል አይደለም፤ በግልጽ የተነገረ ውል ነው።

ቁልፍ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። በሊኑክስ ቁልፍ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሌላውን ያስጠብቃል፤ ቅጂውንም ያድሳል። ቁልፉ ሲያዝ አሮጌው ቅጂ ይጣላል፤ ሲለቀቅ የተጻፈው ሁሉ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል።

ቀድሞ በ2ኛውና በ3ኛው የኤን.ኤፍ.ኤስ. ዕትም ቁልፍ የሚጠበቀው በተለየ ፕሮቶኮል ነበር፤ ቁልፍ እንደ ያዘ የሞተ ኮምፒዩተር ሌሎቹን ሲያስጠብቅ ሊኖር ይችል ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመው 4ኛው ዕትም ግን ቁልፉን ከራሱ ከሥርዓቱ ውስጥ አግብቶ የጊዜ ገደብ አበጀለት። ባለ ቁልፉ በጊዜው ካላደሰ መብቱን ያጣል፤ በሊኑክስ ሰርቨር የተለመደው ገደብ 90 ሴኮንድ ነው። ቁልፍ ርስት መሆኑ ቀርቶ ኪራይ ሆነ ማለት ነው። መልካም ሕግ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ቁልፍ በልማድ የምክር ቁልፍ እንጂ የግዴታ አይደለም። ዘጠኝ ፕሮግራሞች ጠይቀው ሲጽፉ ዐሥረኛው ሳይጠይቅ ቢጽፍ የሁሉም ድካም ከንቱ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ካላበረ ግን ዝንብም ይበጥሰዋል።

«ቁልፍ ሥራ ያዘገያል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ያዘገያል። ነገር ግን ቁልፉን ለሚጻፍበት አጭር ጊዜ ብቻ መያዝ ይቻላል። ወይም እያንዳንዱ በየራሱ ፋይል ጽፎ በመጨረሻ አንድ ሰው ያዋሕደው፤ ያን ጊዜ ቁልፍም አያስፈልግም። ሥራን ሰርዞ የሚገኝ ፍጥነት ግን ፍጥነት አይባልም።

እንግዲህ በቡድን የምንሠራ ሁሉ የመጀመሪያው መስመር ከመጻፉ በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ፋይሉን የሚነካው ፕሮግራም ሁሉ ቁልፍ ይጠይቃልን? ካነበበበት ጊዜ አንሥቶ ጽፎ እስኪጨርስ ይዞት ይቆያልን? የሰርቨሩ ፋይሎች በየኮምፒዩተሩ የተገናኙት ቁልፍ እንዲሠራ ሆኖ ነውን? ቁልፉ ተዘግቶ ከተገናኙ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የሚቆልፈው በገዛ ራሱ ላይ ብቻ ነውና። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ቡድን ሥራውን ለዕድል አሳልፎ ሰጥቷል።