የእንሰቱን ትንኝ ማን ይመርምረው?

ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ የሚጓዝ ሰው ደኑ የት እንደሚያልቅ፣ እርሻው የት እንደሚጀምር ለመለየት ይቸገራል። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥር ቡና፣ በመካከል እንሰት፣ በቅርንጫፉ ጉሬዛና ጦጣ፣ ከጥላው ሥር ደግሞ የሰው ቤት። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያከበረው ይህንን ሰውና ዛፍ ተዛዝለው የሚኖሩበትን ሥርዓት ነው። ክብሩ ይገባዋል። የምቃወመው በዚህ አገር ላይ የዘረጋነውን የበሽታ ቅኝት ነው። እንደ ቢጫ ወባ ያለ፣ ከዱር እንስሳ በትንኝ ወደ ሰው የሚሻገር በሽታ መኖሩን የምናውቀው ሰው ታሞ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ነው። ይህንንም «ቅድመ ማስጠንቀቂያ» እንለዋለን።

ምኑ ነው ቅድመ? በቫይረሱ ከተያዙት ውስጥ ዓይናቸው ቢጫ እስኪሆን የሚታመሙት ጥቂቶቹ ናቸው። ከእነሱም ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚሄዱት የወፍ በሽታ መድኃኒት ወደሚሰጥ አዋቂ ቤት ነው። ጤና ጣቢያ የደረሰውም ትኩሳት አለውና የወባ ምርመራ ይታዘዝለታል፤ ወባ በበዛበት አካባቢ ደግሞ ውጤቱ «ወባ አለበት» ቢል ጥያቄው እዚያው ይዘጋል። ይህን ሁሉ አልፎ የተጠረጠረ ደም ቢገኝ እንኳ ወደ አዲስ አበባ፣ ካለፉት ወረርሽኞች እንዳየነውም ለማረጋገጫ ወደ ዳካር ወይም ወደ ኢንቴቤ ይላካል። መልሱ እስኪመጣ ትንኟ ሥራዋን አታቋርጥም።

ይህ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር ቢሆን ኖሮ ሰበብ ይኖረን ነበር። ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይ በኦሞ ሸለቆ አካባቢ የተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ 100,000 ያህል ሰው እንዳሳመመና 30,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ የከፋው እሱ ነው። ያኔ የመጡት ተመራማሪዎች በሽታውን በሰው ላይ ብቻ አልፈለጉትም፤ የጦጣና የጉሬዛ ደም መረመሩ፣ ትንኝ ለቀሙ። ኤዴስ ሲምፕሶኒ የምትባለው ትንኝ በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት ውስጥ እንደምትራባም ለይተው ጻፉ። ይኸው ስድሳ ዓመት አለፈው። በ2005 ዓ.ም. ደቡብ ኦሞ ላይ፣ በ2010 መጨረሻ ወላይታ ኦፋ ላይ፣ በ2012 ጉራጌ ላይ በሽታው ሲመለስ በሦስቱም ጊዜ የነገሩን ሕመምተኞቹ ናቸው። ወላይታም ጉራጌም የእንሰት አገር ናቸው። ጌዴኦም እንደዚያው።

ነገሩን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ዝናብ ካባራ በኋላ አንድ የደረሰ እንሰት አጠገብ ይቁሙና ቅጠሉ ከግንዱ የሚጋጠምበትን ቦታ በእጅዎ ገለል ያድርጉት። ሲኒ የማይሞላ ቡናማ ውሃ አለ። ትንሽ ታግሠው ካዩት ጥቃቅን እጮች ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ ያገኟቸዋል። ውሃውን በብርጭቆ ቀድተው በስስ ጨርቅ ከድነው ጥላ ላይ ቢያስቀምጡት ከቀናት በኋላ ትንኝ ይወጣዋል፤ ጥቁር ሆኖ ብርማ ነጭ ምልክት ያለው ከሆነ የኤዴስ ወገን መሆኑን ይጠርጥሩ። በአንድ እንሰት ላይ እንዲህ ያለ ብብት ብዙ ነው፤ በአንድ ጓሮም እንሰቱ ብዙ ነው። ይህች ትንኝ የምትናከሰው ቀን ነው። ስለዚህ ለወባ ያከፋፈልነው አጎበር እንሰት ስትፍቅ የምትውለውን እናት፣ ቡና ሲለቅም የሚውለውን ልጅ አይጋርድም።

«የዱር እንስሳትን እንከታተል» የሚሉ ሰዎችም በስብሰባ ላይ አሉ፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት ምክር ከሌላ አህጉር የተቀዳ ነው፦ የሞተ እንስሳ ያየ ሰው ሪፖርት ያድርግ። ኒውዮርክ ላይ እ.ኤ.አ. በ1999 የዌስት ናይል ቫይረስ ሲገባ ቁራዎች ረግፈዋል፤ ነገሩን ከሰዎቹ ሕመም ጋር ያያያዘችውም የአንድ መካነ እንስሳት ሐኪም ነበረች። ብራዚል ውስጥ ቢጫ ወባ ሲነሣ ጯሂዎቹ ጦጣዎች ቀድመው ያልቃሉ፤ ስለዚህ የጦጣ ሞት እዚያ ደወል ነው። የአፍሪካ ጦጣ ግን ከዚህ ቫይረስ ጋር ከጥንት ጀምሮ አብሮ ኖሯል። ይያዛል፣ ለጥቂት ቀናት ቫይረሱን በደሙ ይዞ ለትንኝ ያቀብላል፣ ይድናል። አይሞትም፤ ቢያንስ ማንም እስኪያስተውለው ድረስ አይሞትም። ጌዴኦ ላይ የሞተ ጉሬዛ የሚጠብቅ የቅኝት ሥርዓት በዝምታ ውስጥ ይቀመጥና «ሰላም ነው» ብሎ ይጽፋል።

የሚቀርበን ምሳሌ ኡጋንዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ቡዋምባ ላይ ተመራማሪዎች ዛፍ ላይ መሰላልና መድረክ ሠርተው ትንኝ ያዙ፣ የጦጣ ደም ወሰዱ። ከጫካው አናት ኤዴስ አፍሪካነስ ቫይረሱን ከጦጣ ወደ ጦጣ ስታዞር፣ ጦጣው ሙዝ ሊሰርቅ ወደ ማሳ ሲወርድ ደግሞ በሙዙ ቅጠል ብብት ያደገችው ሲምፕሶኒ ከእሱ ተቀብላ ለገበሬው እንደምታደርስ አሳዩ። ዚካም የተገኘው በዚሁ ዘዴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ኢንቴቤ አጠገብ ባለው የዚካ ደን፣ ለቅኝት ተብሎ ዛፍ ላይ ከተቀመጠ ጦጣ ደም። ጌዴኦ ላይ ጦጣው ወደ ማሳ ለመውረድ ረጅም መንገድ አይሄድም። ማሳው ራሱ ደን ነው።

የመሥሪያ ቤቶቻችን ቅንጅት ይህንን አይቷል? እ.ኤ.አ. በ2015 አገሪቱ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችን በቅደም ተከተል ስትመርጥ የተያዙት አምስቱ የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስና ኢኪኖኮኮሲስ ነበሩ። እያንዳንዱ የሚገባው ቦታ አለው። ግን ደቡብ ኦሞ ላይ ሰው ከሞተ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ቢጫ ወባ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። የቤት እንስሳ ባለቤት አለው፣ ግብርና ሚኒስቴርም ይከተለዋል። ጉሬዛው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፣ ሕመምተኛው የጤና ሚኒስቴር ነው። በእንሰቱ ብብት ውስጥ ያለችው ትንኝ የማን ናት?

«ወባ ሕዝብ እየጨረሰ የጦጣ ደም ልንቀዳ ነው ወይ?» የሚለውን ተቃውሞ አከብረዋለሁ፤ መድኃኒት ያለቀበት ጤና ጣቢያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ቢለው ትክክል ነው። ያልታወቀ ቫይረስ ፍለጋ ዓለምን ያዳረሰው የአሜሪካው ፕሪዲክት ፕሮጀክት ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ ኮቪድን አስቀድሞ አላየውም፤ እሱን እዚህ ድገሙት አልልም። ቢጫ ወባ ግን ያልታወቀ ነገር አይደለም። ቫይረሱ ይታወቃል፣ ትንኟ ትታወቃለች፣ የምትራባበት ተክል ይታወቃል፤ አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባትም ዕድሜ ልክ ይከላከላል። የጎደለው የት ወረዳ ላይ መቼ እንደሚደርስ ማወቅ ነው፤ ክትባቱ ደግሞ በዓለም ላይ ሁልጊዜ አይተርፍም። እ.ኤ.አ. በ2016 የአንጎላ ወረርሽኝ ክምችቱን አሟጥጦት ኪንሻሳ ላይ አንዱን መጠን ለአምስት ሰው እስከ ማካፈል ተደርሷል። ኦፋ ላይም ዘመቻው የደረሰው ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ያቺን ነሐሴ 2010 ዓ.ም.ን አስቡ። ከአባያ ሐይቅ ማዶ ወላይታ ላይ ቫይረሱ ሰው ውስጥ ገብቷል። ከዚህ ማዶ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቀየው ተፈናቅሎ፣ በየትምህርት ቤቱና በየአዳራሹ ተጨናንቆ፣ በክረምት ዝናብ ውስጥ አድሯል። ቫይረሱ ሐይቁን ቢሻገር ኖሮ ቀድሞ የሚያውቀው ማን ነበር? መልሱ ያው ነው፤ መጀመሪያ የሚሞተው ሰው።

ዲላ ዩኒቨርሲቲ አለው፣ የባዮሎጂና የጤና ተማሪዎች አሉት፣ ሪፈራል ሆስፒታልም አለው። በየወሩ፣ ከዝናቡ በኋላና ከቡና ለቀማ በፊት ደግሞ ደጋግሞ፣ ከወናጎ፣ ከይርጋጨፌና ከኮቸሬ የተመረጡ ጓሮዎች ውስጥ በቀን የሚናከሱ ትንኞችን መያዝ፣ በዝርያ መለየት፣ በበረዶ አድርጎ ለምርመራ መላክ ከአቅም በላይ አይደለም። በኮቪድ ጊዜ በየክልሉ የተተከሉት የፒሲአር ማሽኖች ለዚህም ይሆናሉ። የጦጣ ደሙ ፈቃድና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋልና ቀጥሎ ይምጣ፤ ሲመጣም የሚመረመሩት ግልገሎቹ ይሁኑ፣ ግልገል ደም ውስጥ የተገኘ ፀረ እንግዳ አካል ቫይረሱ በቅርቡ ማለፉን ይናገራልና። ለገበሬው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይነገረው፦ እንሰቱን አትቁረጥ፣ ጉሬዛውን አትግደል። ብራዚል ላይ ሰዎች ፈርተው ጦጣ ሲገድሉ የጠፋው የራሳቸው ጠባቂ ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ውጤቱን የሚቀበል አንድ ባለሙያ ይመድብ፤ ከአንድ ጓሮ ቫይረስ ሲገኝ የዚያን ወረዳ ክትባት ለመጠየቅ ሥልጣን ያለው ሰው።