የዋሻው ሰዎች ስም

ስድስት ኪሎ ያለፈ ሁሉ የየካቲት 12ን ሐውልት ያውቀዋል። በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ለተጨፈጨፉት የአዲስ አበባ ሰዎች የቆመ ነው። እኔ የሞላሌ ልጅ ስለሆንኩ ግን ሐውልቱን ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ የመንዙ ዋሻ ነው።

በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ዘረት ላይ አመፀኛ ዋሻን ከበበ። (ስሙን እዩልኝማ! አመፀኛው ማን ሆነና?) ውስጥ የነበሩት የአበበ አረጋይ አርበኞች ብቻ አልነበሩም፤ ቁስለኛው፣ ሽማግሌው፣ እህል የምትፈጨው እናት ከነልጆቿ እዚያው ነበሩ። ጣሊያን መሣሪያው አልበቃ ቢለው የሰናፍጭ ጋዝ ለቀቀባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1925 በጄኔቭ የተከለከለውን፣ እሱም የፈረመበትን ማለት ነው። እጃቸውን የሰጡት ወንዶች በመቶዎች ተረሸኑ። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የሚባል ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ሰነድ ተከትሎ ዋሻው ድረስ መጣ። ከሱ በኋላ የሄዱ አርኪዮሎጂስቶች አፅም ብቻ ሳይሆን የቤት ዕቃና የሸክላ ስባሪም አገኙ። ይኼ ጓዳ እንጂ ምሽግ ብቻ አይደለም።

የኔ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። ለሟቾቹም ሆነ ለተረፉት ሞላሌ ላይ፣ ገበያተኛ የሚያየው ቦታ፣ መታሰቢያ ይገባል። ግን እባካችሁ ጠመንጃ የያዘ ጀግና አይሁን! እሱን በየአደባባዩ አቁመናል። ስንቅ ያዘጋጀችውንስ ማን ያስታውሳታል? የመንዝ ቤት እንደሚሠራው ያለ የድንጋይ ካብ ይበቃል፤ ላዩ ላይ ስም ይጻፍበት፣ የሴቱም የሕፃኑም። ከጋዙ ተርፎ የወጣ ሰውም ስሙ አይቅር።

«ሐውልት ዳቦ አይሆንም» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እውነት ነው፣ አይሆንም። አፊሌ የምትባል የጣሊያን ከተማ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ለግራዚያኒ፣ አዎ ለራሱ ለግራዚያኒ፣ መታሰቢያ ስታቆም ዳቦ ይሆናል ብላ አይመስለኝም።

ደግሞ ስም መሰብሰብ ደብተርና እስክሪብቶ እንጂ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጊዜ ነው፣ እሱ ደግሞ የለንም። ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ዘጠናን አልፏል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣችሁ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ልጆች ካላችሁ አብረን እንሂድ። ከሰኔ በፊት ቢሆን ይሻላል፤ ክረምት ከገባ ጭቃው አያስኬድም።