ወንዙ የፌዴራል፣ መሬቱ የክልል፤ ረግረጉስ የማን ነው?

ሰንበቴ የምትታወቀው በእሁድ ገበያዋ ነው። ከአፋር ቆላ የሚመጣው አርብቶ አደር፣ ከደጋ የሚወርደው ገበሬ፣ የአርጎባው ነጋዴና የጅሌ ጥሙጋ ኦሮሞ እዚያ ይገበያያሉ። የከብቱን ዋጋ የሚወስነው ግን ደላላው ብቻ አይደለም። ከብቱ በጋውን የት ነው የከረመው? ሳርና ውኃ አግኝቷል ወይ? ይህም ዋጋ አለው።

በዚህ ዞን ትልቁ የበጋ መጠጊያ በከሚሴ አካባቢ ያለው የጨፋ ረግረግ ነው። ቦርከና ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ፣ ረግረጉን አጠጥቶ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ሲደርቅ የኦሮሞው፣ የአፋሩና የአርጎባው ከብት እዚያ ይሰበሰባል። ታዲያ ከላይ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ይመጣበታል፣ ከዳር ደግሞ እርሻና መስኖ እየገፋው ነው። ማን ይጠብቀው?

ሕገ መንግሥቱን እንክፈት። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 11 ከአንድ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ወንዞችና ሐይቆችን አጠቃቀም ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። ቦርከና ወደ አዋሽ ስለሚገባ፣ አዋሽም ክልል ስለሚያቋርጥ ጉዳዩ የፌዴራል ነው ማለት ይቻላል። አንቀጽ 52 ደግሞ መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን በፌዴራል ሕግ መሠረት ማስተዳደርን ለክልሎች ይተዋል። ጨፋ ያለው በአንድ ክልል ውስጥ ነው። በክረምት ውኃ፣ በበጋ ሳር ነው። በሁለቱም አንቀጾች ረግረግ በስሙ አልተጠራም።

የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም ቢሆን ለባህላዊ መስኖ ፈቃድ አይጠይቅም። ለገበሬው ተገቢ ነው። ግን በሞተር ፓምፕ የሚሳበው ውኃ ባህላዊ ይባላል? መቶ ሰው መቶ ትንንሽ ቦይ ቢቀድስ? እያንዳንዱ ቦይ ኢምንት ነው፤ ሲደመሩ ግን ረግረጉን ያደርቁታል።

ክርክሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 በሳኬት ጉዳይ የፌዴራሉን ሥልጣን አጥብቦታል፤ ከቋሚ ውኃ ጋር በገጸ ምድር ያልተያያዘ ረግረግ ከፌዴራሉ የውኃ ሕግ ጥበቃ ወጣ። በዓመቱ ኮሎራዶ የራሷን ሕግ አውጥታ ክፍተቱን ደፈነች። ትምህርቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ የፌዴራልን ሥልጣን መገደብ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ አንዱ እጁን ሲሰበስብ ሌላው አለመዘርጋቱ ነው።

ስለዚህ የአማራ ክልል ምክር ቤት አዲስ አበባን መጠበቅ ያለበት አይመስለኝም። የጨፋን ወሰን በሕግ ያስከልል፣ የትኛው ቦይ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ይደንግግ። የፌዴራሉ ድርሻ ደግሞ ከላይ የሚለቀቀውን ፍሳሽ መቆጣጠርና የአፋር ክልልን ከጠረጴዛው ማስቀመጥ ይሁን። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 9 ፌዴራሉ ሥልጣኑን ለክልል በውክልና እንዲሰጥ ይፈቅድለታል፤ በሩ ክፍት ነው።

በአፋን ኦሮሞ «ጨፌ» ለምለም እርጥብ መስክ ነው፤ የሽማግሌዎች ሸንጎም በዚሁ ስም ይጠራል፣ የኦሮሚያ ምክር ቤትም ስሙን ከዚያ ወስዷል። ሕግ የሚወጣበት ቦታ በረግረግ ስም ሲጠራ ኖሯል። ለራሱ ለረግረጉ ግን እስካሁን ሕግ አጣንለት። አርብቶ አደሩ የበጋ ሳሩን ካጣ ወደ ገበሬው ማሳ ይገባል፤ ያኔ የሚመጣውን ጠብ ደግሞ አካባቢው ከማንም በላይ ያውቀዋል።