ጋዙ የኛ፣ ሊቁ የሰው!

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል ያገሬ ሰው። የኦጋዴን ጋዝ ነገር ይኸው ነው። ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ካሉብ ላይ ጋዝ ያገኘው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነበር። ደርግ ሶቪየቶችን አምጥቶ አስቆፈረ። ኢሕአዴግ በ2006 ዓ.ም. ለቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ሰጠ። ሰኔ 2010 ላይ «ድፍድፍ ነዳጅ ወጣ!» ተብሎ እልል ተባለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የኩባንያው ፈቃድ ተሰረዘ ተባልን። በመስከረም 2018 የካሉብ ጋዝ ማቀነባበሪያ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። አሁንም ከቻይና ኩባንያ ጋር!

ከሃምሳ ዓመት በላይ! አሜሪካ መጣ፣ ሩስያ መጣ፣ ቻይና መጣ። የመጣው ሁሉ ሊቁን ከአገሩ ይዞ መጣ። ለመሆኑ ኢትዮጵያዊው መሐንዲስ መቼ ነው የሚመጣው?

«ባለሙያ የለንም» ይሉናል ሹማምንቱ። እሺ፣ የለንም እንበል። ታዲያ ባለሙያ ልሁን ብሎ የተነሳውን ምን አደረጋችሁት?

አንድ ወዳጄ ኬሚካል ኢንጂነር ነው። ቀን ፋብሪካ እየዋለ፣ ማታ ማታ በኢንተርኔት የፔትሮሊየም ኢንጂነሪንግ ማስተርሱን ሊማር ተነሳና አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለው። «ነዳጅ ማውጣት በኢንተርኔት ይማራሉ እንዴ?» ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። አይሳቅ! እንደ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ያሉ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ይሄንኑ ማስተርስ ለዓመታት በርቀት ሲያስተምሩ ኖረዋል። ጋዝ በድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ፣ ከጉድጓድ የተለካ ግፊት ምን እንደሚናገር፣ ክምችቱ በኮምፒዩተር እንዴት እንደሚሰላ እቤት ቁጭ ብሎ የሚጠና ሂሳብ ነው።

ወዳጄ የክፍያ ደብዳቤውን ይዞ ባንክ ሄደ።

«ቪዛህ የታለ?»

«የምማረው እቤቴ ሆኜ ነው።»

«እቤትህ ለመማር ዶላር ምን ያደርግልሃል?»

ስቀው መለሱት። እሱ እየተመላለሰ ሳለ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ደመወዙስ? ደመወዙማ እዚያው ቁጭ! ትምህርቱ በአንድ ክረምት ወደ እጥፍ ተወደደበት።

ዶላሩ ተገኘ እንበል። ኢንተርኔቱስ? በሰኔ 2012 አገሩ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቆረጠ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ጨለመባት። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። ፈተና ላይ እያለ መስመር የተቆረጠበት ተማሪ ለአስተማሪው ምን ብሎ ይጻፍ? ቢጽፍስ በምን ይላከው?

አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ ጸሐፊ «የኢንተርኔት ዲግሪ ሁሉን ይፈታል» አላለም። የቁፋሮ ጭቃ በኮምፒዩተር መስታወት አይዳሰስም። ማማው ሥር ቆሞ ያላደረ መሐንዲስ፣ ዲግሪው ከየትም ይምጣ፣ ገና ግማሽ ነው። የጎደለው ግማሽ ግን ቴክሳስ አይደለም ያለው፤ ካሉብ ነው!

እንግዲህ ጥያቄያችን ይሄ ነው። ከኩባንያው ጋር በተዋዋላችሁት ውል ውስጥ «በየዓመቱ ይህን ያህል ኢትዮጵያውያን ጉድጓዱ ላይ ሠልጥነው ሥራውን ይረከባሉ» የሚል አንቀጽ አለ ወይስ የለም? ካለ ለሕዝብ አሳዩን፤ ከሌለ አስገቡት። ቅድሚያውም ጋዙ ላይ ግመል ሲጠብቁ ላደጉት ለሽላቦና ለጎዴ ልጆች ይሁን። ባንኩ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይዞ የመጣን ሠራተኛ ቪዛ አይጠይቀው። መስመሩንም አትቁረጡበት። ገንዘብ ስጡት አላልንም፤ ከመንገዱ ዞር በሉለት ነው ያልነው!

ካሉብ ላይ ጋዙን አምቆ የያዘው አንዱ የድንጋይ ንጣፍ በዓለም የሚታወቀው «የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ» ተብሎ ነው። ድንጋዩ የኛ፣ ስሙም የኛ። ድንጋዩን የሚያነበው ሰው ብቻ የሌላ! ያባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ከዚህ ወዲያ ምን አለ?

ቸር ያሰማን።