ትንኝ ፊት የለውም ያለን ማነው?

«ሰው በሚራብበት አገር የሸረሪት ፎቶ ማንሣት የጥጋበኛ ጨዋታ ነው» የሚል ክርክር አለ። በፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ደጃፍ ይሰማል፤ በቡና ላይ ወሬም ይደገማል። ተናጋሪዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። እንዲያውም አብዛኞቹ፣ ካሜራ የያዘ ሁሉ የወገን ዕዳ አለበት ብለው የሚያምኑ ቅኖች ናቸው። የተሳሳቱት ዕዳው ምን እንደሆነ ላይ ነው። ይህ ጸሐፊ የሚለው ግልጽ ነው፤ ረኀብን የሚያውቅ አገር ከማንም ይልቅ የነፍሳቱን ፊት አቅርቦ ማየት አለበት፤ ለዚህ የሚያስፈልገውም መሣሪያ ከሚወራው እጅግ የረከሰ ነው።

እስቲ መዝገባችንን እንግለጥ። እ.ኤ.አ. በ1958 የአንበጣ መንጋ በኢትዮጵያ 167,000 ቶን ያህል እህል እንዳወደመ ይገመታል። ይህ ለአንድ ሚሊዮን ሰው የዓመት ቀለብ ነው። በዚያው ዓመት በተነሣው የወባ ወረርሽኝ ደግሞ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ተገምቷል። እህሉን የበላውም፣ በሽታውን ያዛመተውም ባለ ስድስት እግር ፍጡር ነው።

ይህ የአያቶቻችን ዘመን ታሪክ ነው የሚል ካለ ውርጌሳን ይጠይቅ። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ውጫሌን አልፎ መርሳ ሳይደረስ የምትገኝ የሀብሩ ከተማ ናት። የሰሜን ወሎ ገበሬ 2013 ዓ.ም.ን የተቀበለው በአንበጣ ነው፤ የሸኘው በጦርነት። ጦርነቱን ያነሣ ካሜራ ሞልቷል። አንበጣውንም አንሥተውታል፤ ግን እንዴት አድርገው? እንደ ደመና፣ እንደ ጭስ፣ ፀሐይ እንደ ጋረደ መጋረጃ። ከዚያ ደመና ውስጥ አንዷን አንበጣ ነጥሎ፣ ፊቷንና ቀለሟን አቅርቦ ያሳየን ስንቱ ነው?

«ብናያትስ ምን ይጠቅመናል?» ትሉ ይሆናል። በመንጋ የምትሄድ ሮዝ መልክ ያላት አንበጣ ገና ያልጎለመሰች ናት፤ እየበላች ርቃ ትበርራለች። ቢጫ የሆነችው ግን ጎልምሳለች፤ እንቁላሏን የምትጥልበት አፈር ትፈልጋለች። ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባም በመንጋ ሲሆን ቢጫና ጥቁር ነው፤ ለብቻው ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ለሥዕል አፍቃሪ ይህ የቀለም ጉዳይ ነው። ለገበሬ ግን «በልታ ትሄዳለች ወይስ ልጆቿን ማሳዬ ላይ ትታብኝ ትሄዳለች?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። የደመናው ፎቶ ይህን መልስ አይሰጥም።

ተምችንም እንይ። በ2009 ዓ.ም. ከወደ አሜሪካ የመጣው መጤ ተምች ኢትዮጵያ ውስጥ መግባቱ ሲረጋገጥ በበቆሎ ላይ ወረደ፤ ማሽላንም አይምርም። ከነባሩ ተምችና ከአገዳ ቆርቁር የሚለየው በሁለት ምልክት ነው። ግንባሩ ላይ የእንግሊዝኛው «ዋይ» ፊደል ተዘቅዝቆ የተጻፈ ይመስላል፤ ከጭራው አጠገብ ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ተቀምጠዋል። ትሉ ትንሽ ሳለ እነዚህን ምልክቶች ባዶ ዐይን በቀላሉ አይለያቸውም። ሲያድግ ይታያሉ፤ ያን ጊዜ ግን ትሉ ወደ ተክሉ እምብርት ገብቶ መድኃኒቱ አይደርስበትም። እንግዲህ ቀርቦ በተነሣ ፎቶና ካለፈ በኋላ በሚረጭ መድኃኒት መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቤተሰብ እህል ነው።

ከተሜውም ከዚህ ጣጣ ነጻ አይደለም። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የሚባለው የእስያ ወባ አስተላላፊ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘ፤ በኋላም ባቲ ድረስ መዝለቁ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋር ስሙ ተያይዟል። ይህ ትንኝ ረግረግ አይፈልግም፤ በከተማ ሮቶና በርሜል ውስጥ ይራባል። የአኖፌለስ ወገን የሆነ ትንኝ እጭ በውሃው ገጽ ላይ ተጋድሞ ይተኛል፤ ሌላው እጭ ግን ጭራውን ወደ ላይ አድርጎ ተዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ይህን ለመለየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ አቅርቦ የሚያነሣ ስልክ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ማምለጫ እንምጣ፤ ወደ «መሣሪያው ውድ ነው»። በእርግጥ ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ማክሮ ሌንስ የመምህርን የብዙ ወር ደመወዝ ይበላል። ያለ እርሱ አይቻልም ያለን ግን ሻጩ ነው። የቆዩ ፎቶ ቤቶች መሳቢያ ቢፈተሽ የሶቪየት ሥራ የሆነ ዜኒት ካሜራ ከነሄሊዮስ ሌንሱ ሊገኝ ይችላል። ሄሊዮሱን ከዜኒቱ ፈትቶ፣ የፊቱን መስታወት ወደ ዲጂታል ካሜራው አዙሮ በርካሽ የመገልበጫ ቀለበት መግጠም ነው። ሩቁን ለማየት የተሠራ ሌንስ ሲገለበጥ ቅርቡን ያጎላል። እዚህ ላይ አሮጌው ከአዲሱ ይበልጣል። የአዲሱ ሌንስ የብርሃን ቀዳዳ የሚታዘዘው ከካሜራው በሚመጣ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ሲገለበጥ ትእዛዙ ይቋረጣል፤ ሄሊዮስ ግን በጣት የሚዞር ቀለበት አለው። የበለጠ ማጉላት የፈለገ በካሜራውና በሌንሱ መካከል ባዶ ቱቦ ያስገባል። ቱቦው መስታወት የለውም፤ የሚጨምረው ርቀትን ብቻ ነው፤ ስለዚህም ርካሽ ነው።

ካሜራ የሌለው ስልክ አያጣም። ሰዓት ሠሪው ዐይኑ ላይ የሚሰካት ማጉያ በስልኩ ሌንስ ላይ በፕላስተር ስትለጠፍ ሥራዋን ትሠራለች። ከተበላሸ የሲዲ ማጫወቻ የምትወጣው ትንሽ ሌንስም እንዲሁ።

ከገንዘብ ይልቅ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። በዚህ ቅርበት ጠርቶ የሚወጣው ጥልቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሊያንስ ይችላል፤ የጉንዳኗ ዐይን ጠርቶ ጉልበቷ ይደበዝዛል። የብርሃን ቀዳዳውን ማጥበብ ጥልቀቱን ይጨምራል፤ ነገር ግን ያጨልማል። ፍላሽ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ባዶ ፍላሽ በጥንዚዛ ጀርባ ላይ እንደ መስታወት ስለሚያንጸባርቅ በነጭ ወረቀት ወይም በነጠላ ቁራጭ መሸፈን አለበት። ሌንሱን ከማሽከርከር ይልቅ ሰውነትን በዝግታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማወዛወዝ ይሻላል። ሰዓቱ ማለዳ ነው፤ ፀሐይ ያልሞቀው ፌንጣ ጤዛ ላይ ቁጭ ብሎ ለተንበረከከ ሰው ጊዜ ይሰጣል። ገድሎ ወይም ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቶ የሚያነሣ ሰው ግን በሬሳ ላይ የሕያው ስም ይጽፋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ በእጃችን ሳለ ለምን አናደርገውም? ዐይናችን ወደ ታች ስለማያይ ነው። በዚያ አውራ ጎዳና ላሊበላን ሊያነሣ የሚጓዝ ፎቶ አንሺ ውርጌሳን የሚያያት በመኪና መስኮት ነው፤ ካሜራው ከቦርሳው የሚወጣው ገና ወልድያን ካለፈ በኋላ ነው። ቅርሱንና ተራራውን ማንሣት መልካም ነው። ነገር ግን ሺህ ጊዜ የተነሣውን ሺህ አንደኛ ጊዜ ማንሣት ጥበብ፣ አንድም ጊዜ ያልተነሣውን ማንሣት ደግሞ ጨዋታ የሚባልበት ሚዛን የትኛው ነው? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን እንተርታለን፤ የማሳችንን ተባይ የምትበላውን ሸረሪት ግን በመጥረጊያ እናሳድዳለን፤ ባለ ስምንት እግር ስለሆነች ከነፍሳት ወገን አለመሆኗን እንኳ ብዙዎቻችን አናውቅም።

ቋንቋችንም አብሮ ደብዝዟል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነቢዩ ኢዩኤል ተምችን፣ አንበጣን፣ ደጎብያንና ኩብኩባን ለየብቻ በስማቸው ይጠራል። እኛ ሁሉንም «ነፍሳት» ብለን እናልፋለን። ጤፍን የሚያጠቃውን ደገዛን ውሰዱ። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ ፍጡር ነው። እንግሊዛዊው ዴቪድ ራግ እ.ኤ.አ. በ1977 ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው ዴክቲኮይዴስ ብሬቪፔኒስ አለው፤ ሁለተኛው ቃል «አጭር ክንፍ ያለው» ማለት ነው። በእንግሊዝኛ የሚጠራውም በወሎ ስም ነው። ወሎ በዓለም የነፍሳት መዝገብ ላይ ስሙ ሰፍሯል፤ ከወሎ ተማሪዎች መካከል የደገዛን ፎቶ ያየ ስንት ነው? ውርጌሳ የውጫሌ ጎረቤት ናት። በ1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ በማለቱ የተከፈለውን ዋጋ እናውቃለን። የራስን ነገር በራስ ቃል አጥርቶ አለመያዝ ያስከፍላል።

ጎበዝ፣ ደገዛን የሚያውቀውማ አለ። ጤፉን የተበላው ገበሬ መልኩን፣ ወቅቱንና ጠባዩን ያውቃል። የማናውቀው እኛ የተማርነው ነን። የገበሬው ዕውቀት ከማሳው ተነሥቶ ወረዳ እስኪደርስ ድረስ በየእጁ እየደበዘዘ «ተባይ ታይቷል» የሚል አንድ መስመር ይሆናል። ጥርት ያለ ፎቶ ግን በመንገድ አይደበዝዝም። ስለዚህ የሚነሣው ፎቶ ግርጌ ቀኑ፣ ቀበሌው፣ የተገኘበት ተክልና ገበሬው የሚጠራበት ስም ይጻፍ። እነዚህ ከሌሉ ፎቶው ጌጥ ነው፤ ካሉ ምስክር ነው።

የውርጌሳ ትምህርት ቤት ልጅ፣ የመርሳ የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ የወልድያ ሠርግ ፎቶ አንሺ በሥራ ፈት ቀኑ፣ ይህን ለመጀመር የማንንም ፈቃድና እርዳታ መጠበቅ የለባቸውም። በዚህ ዘመን ካሜራ ይዞ ከከተማ መውጣት ጥርጣሬ እንደሚያመጣ አውቃለሁ፤ ማሳው የገዛ አባቱ የሆነ ልጅ ግን ስልኩን ማሽላ ቅጠል ላይ ቢደግን ማን ይከሰዋል? ሰው እያለቀ ትንኝ ማንሣት ነውር ነው ለሚሉን መልሳችን አጭር ይሁን፤ ሰውን ከጨረሱት አንዷ ትንኝ ናት፤ ፊቷን አሳዩን።